አንተ ታውቃለህ
በጠበበ ገበያ ስለ መፈለግ፥ ስለ ዝምታና ስለ ሐቅ

የሰው ጠባይ የሚታወቀው የተመኘውን ካገኘ በኋላ ብቻ አይደለም፤ ገና በመፈለግ ላይ ሳለም ይታወቃል። የሚፈለገው ነገር በገበያ ሞልቶ በተረፈ ጊዜ ሐቀኛ መሆን ብዙ አያስቸግርም። ሻጩ ቢዋሽ ገዢው ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ገዢው ዋጋ ቢሰብር ሻጩ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ነገሩ ጥቂት፥ ፈላጊው ብዙ በሆነ ጊዜ ግን የሁለቱም ኅሊና ይፈተናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ገበያ በጠበበ ጊዜ ያወቀ ሰው ላላወቀው ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ምሳሌ የሚሆነንን ነገር ከዕለታዊ ኑሮ እንውሰድ። በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ አሮጌ መኪና ገዝተው፥ አድሰው፥ እንደ ቅርስ ሊይዙ የሚሹ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ያረጀውን ሁሉ አይደለም፤ በአንድ እጅ የተያዘ፥ ሞተሩ ያልተከፈተ፥ ቀለሙ ያልተለወጠ፥ ከሁሉም በላይ ብዙ ኪሎ ሜትር ያልሄደ እንዲሆንላቸው ይመኛሉ። እንዲህ ያለው መኪና በየመንገዱ ቆሞ አይገኝም። ስለዚህ ፈላጊው ወራት፥ አንዳንዴም ዓመታት፥ ደላላ ሲያስጠይቅ፥ ጋራዥ ለጋራዥ ሲዞር፥ የሰው ግቢ በአጥር ቀዳዳ ሲመለከት ይኖራል።

«ይህ የባለጸጎች ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። በእርግጥ በውጭው ዓለም የዚህ ገበያ ዋጋ የሚያስደነግጥ ነው። በ36 ቁጥር ብቻ ከተሠራው ፌራሪ 250 ጂቲኦ ከተባለው የእሽቅድምድም መኪና አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጨረታ 48.4 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1955 ከተሠሩት ሁለት የመርሴዲስ ቤንዝ 300 ኤስ ኤል አር ኩፔ መኪኖች አንዱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጦ፥ ገንዘቡ ለወጣቶች የትምህርት ዕድል መስጫ እንዲውል ተደርጓል። እንዲህ ያለው አኀዝ ከእኛ ኑሮ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። ነገር ግን በሚሊዮን ዩሮ የሚፈተነውና በመቶ ሺህ ብር የሚፈተነው ኅሊና አንድ ዓይነት ነው፤ በበግ ገበያ የሚፈተነውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ብርቅ ነገርን መውደድ

ብርቅ የሆነ የእጅ ሥራን መመኘት በራሱ ነውር ነውን? አይመስለንም። በአገራችን፥ በተለይም በዚህ በሰሜን ሸዋ፥ ይህ ፍቅር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ በመጣ ጊዜ ከውሉ ጋር ይዞ የቀረበው መድፍ፥ ጠመንጃና ልዩ ልዩ የእጅ ጥበብ ሥራ ነበር። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአንኮበር ቤተ መንግሥት እንዲህ ያለው ነገር በአድናቆት ይታይ ነበር። የንጉሡ የልጅ ልጅ፥ በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክም፥ በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ በደስታ እንደ ተቀበሉት የታወቀ ነው። የሰው ልጅ በጥበብ የተሠራን ነገር ሲያይ ልቡ መነካቱ የተፈጥሮ ስጦታው ነው።

በዛሬው ጊዜ ደግሞ በአገራችን የብዙ ፈላጊዎችን ልብ የሳበችው «ቮልስ» እያልን የምንጠራት ትንሿ ቮልስዋገን ናት። ቀድሞ የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበረች። ንድፏን ያወጣው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ፖርሽ 356 የተባለው ዝነኛ የስፖርት መኪናም የተወለደው ከእርሷ አካላት ነው፤ ካርማን ጊያ የተባለችውም የስፖርት መኪና መልክ ያላት በእርሷ ሻንሲ ላይ ተሠርታ ነበር። ሞተሯ ከኋላ ሆኖ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ራዲያተር የላትም፤ ስለዚህ የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚያረጋው ውሃ በውስጧ አይገኝም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አየር ላይ ጉልበቷ ቢቀንስም፥ አሠራሯ ቀላል ስለሆነ በመንደር መካኒክ እጅ ትድናለች። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራች በኋላ የመጨረሻይቱ ሜክሲኮ ውስጥ ከሚገኘው ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ አልተወለደም፤ ያለው ያለው ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለችውን መኪና መውደድና ተንከባክቦ መያዝ ያስመሰግን እንደሆነ እንጂ አያስወቅስም። ነገር ግን አበው «ሁሉን አማረሽን ገበያ አታውጧት» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ምኞት ሲበረታ ዓይን ይደበዝዛል፤ ዓይን ሲደበዝዝ ደግሞ ኅሊናም አብሮ ይደበዝዛል። የመውደዱ ነገር ሳይሆን የሚወደውን ለማግኘት የሚሄድበት መንገድ ነው የሚመረመረው።

ገበያው እንዴት ጠበበ?

ወደ ዋናው ጥያቄ ከመግባታችን በፊት የገበያውን ሁኔታ ጥቂት እንመልከት። በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እየከበደ እንዲሄድ ስላደረገ፥ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ ሆነ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር የመግዛት አቅም ዝቅ አለ። ለእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የአየር ብክለትን መቀነስና የውጭ ምንዛሪን መቆጠብ ከእነዚህ የሚጠቀሱ ናቸው። እኛ በዚህ ስፍራ የምንመለከተው ግን ውጤታቸውን ብቻ ነው፤ ይኸውም በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተተኪ የሌለው ዕቃ መሆኑ ነው።

ዕቃ ተተኪ ሲያጣ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፥ ሻጭ የፈለገውን ቢናገር የሚያምነው አያጣም፤ ገዢው «ይህቺ ካመለጠችኝ ሌላ አላገኝም» ብሎ ስለሚፈራ ይቸኩላል። ሁለተኛ፥ ገዢው የዕቃውን ዋጋ ያላወቀ ሻጭ ባገኘ ጊዜ ዕድል የሰጠው ይመስለዋል። በመጀመሪያው ሻጩ ያወቀ፥ ገዢው ያላወቀ ነው፤ በሁለተኛው ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱንም በየተራ እንመርምራቸው።

ቆጣሪው አይዋሽም፤ ሻጩስ?

በብዙዎቹ አሮጌ ቮልሶች ላይ ያለው የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አምስት አኀዝ ብቻ የሚያሳይ ነው። 99,999 ከደረሰ በኋላ ሁሉም አኀዝ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ቆጣሪው ላይ 34,000 ቢነበብ መኪናዋ የሄደችው 34,000 ሊሆን ይችላል፤ 134,000ም፥ 234,000ም ሊሆን ይችላል። የቆጣሪውን አኀዝ በእጁ ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው ሌባ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ግን ሌላው ነው፤ እርሱም ምንም ያልነካ፥ ምንም ያልተናገረ፥ ገዢውን ወደ መኪናዋ አቅርቦ «ራስህ አንብበው» የሚል ሻጭ ነው። ቆጣሪው አልዋሸም፤ ሻጩም አንድ የሐሰት ቃል ከአፉ አልወጣም። ይሁን እንጂ ገዢው ከዚያ የሚሄደው ሐሰትን አምኖ ነው።

እንግዲህ ማን ዋሸ? እኛ እንደምናምነው እውነተኛ ቃልም ሐሰትን ለማስተላለፍ ሊያገለግል ይችላል። ሻጩ ቆጣሪው አንድ ጊዜ መዞሩን ካወቀና ገዢው ይህን አለማወቁን ከተረዳ፥ «አንብበው» ማለቱ ምስክር ማቅረብ ነው፤ ያቀረበውም ምስክር ሐሰተኛ መሆኑን ያውቃል። ብዙ ያልተነዳ መኪና የሚገዛ ሰው ከብረቱና ከጎማው በላይ የሚከፍለው ለምስክርነት ነው። ያለፈውን የመኪናዋን ሕይወት ገዢው አላየውም፤ ያየው ሻጩ ነው። ዋጋው ከፍ የሚለውም «ይህቺ መኪና ብዙ አልደከመችም» ለሚለው ቃል ነው። ስለዚህ ምስክርነቱ ሐሰት ከሆነ የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ ምንም ሳይሰጡ የተወሰደ ገንዘብ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ፥ ብዙ ያልተነዳ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ሃያ ዓመት በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ የኖረች መኪና ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ቢሆንም ጎማዋ ተሰነጣጥቆ፥ የፍሬን ሲሊንደሯ ተጣብቆ፥ ቤንዚኑ በካርቡረተሩ ውስጥ ደርቆ፥ በቮልስ ላይ በተለይ ከኋላ ወንበር ሥር በባትሪው ማስቀመጫ ያለው ወለል ዝጎ ሊገኝ ይችላል። ሻጩ «አልተነዳችም» ሲል እውነት ይናገራል፤ ለምን እንዳልተነዳች ግን ዝም ይላል። አዋቂ ገዢ በቆጣሪው ብቻ አይወሰንም። የፔዳሉን ላስቲክ መበላት፥ የበሩን ማጠፊያ መላላት፥ የነጂውን ወንበር መጎርጎድ ይመለከታል፤ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያያል፤ ጎማው ዘመናዊ ከሆነ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በአራት አኀዝ ጎኑ ላይ ስለ ተጻፈ ያንን ያነብባል። ገዢው እንዲህ የሚደክመው ቃል ስለማይታመን ነው። በቃሉ የሚታመን ሻጭ ለጎረቤቱ ምን ያህል ድካም እንደሚያቀልለት ከዚህ እናያለን።

የቀደሙት ሰዎች ምን አሉ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሮማዊው ፈላስፋ ቺቸሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ አንድ ምሳሌ አቅርቧል። በሮዶስ ደሴት ረኃብ ሆነ፤ አንድ ደግ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ደረሰ። ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ጭነው በመንገድ ላይ መሆናቸውን እርሱ ያውቃል፤ የሮዶስ ሰዎች አያውቁም። ይህን ሊነግራቸው ይገባዋልን? ወይስ ዝም ብሎ እህሉን በውድ ዋጋ ይሽጥ? ቺቸሮ በዚህ ነገር ሁለት ፈላስፎች እንደ ተከራከሩ ያስረዳል። አንደኛው ዲዮጋን፥ ሻጭ ሕጉ ያዘዘውን ያህል ጉድለት ከገለጠና ካልዋሸ በቀረው ዝም ቢል አይወቀስም አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን፥ ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢው ማወቅ አለበት ብሎ ተቃወመው። ቺቸሮ ራሱ ለሁለተኛው አደላ። በእርሱ አስተያየት ዝም ማለትና መደበቅ አንድ አይደሉም፤ ማወቅ የሚገባው ሰው እንዳያውቅ ለራስ ጥቅም ሲባል መፈለግ መደበቅ ነው።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ይህንኑ የእህል ነጋዴ ጉዳይ አንሥቶ ለዘብ ባለ መንገድ ፈርዷል። ነጋዴው በዕለቱ ባለው ዋጋ ቢሸጥ ፍትሕን የጣሰ አይመስልም፤ ቢናገር ወይም ዋጋውን ቢቀንስ ግን የበለጠ መልካም ይሆናል ብሏል። ስለ ዕቃው ስውር ጉድለት ሲናገር ግን አይለዝብም። አንድ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ ሻጭ፥ ጉድለቱ ለሁሉ የሚታይ ስለሆነና ዋጋውንም እንደሚገባ ከቀነሰ፥ በቃል የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ጉድለቱ ስውር ሆኖ ገዢውን የሚጎዳ ከሆነ ግን ሻጩ ሊገልጥ ይገባዋል። የዞረ ቆጣሪና የዛገ ወለል የትኛው ወገን እንደሆነ ለአንባቢ ግልጽ ነው። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ሆኖም ሕጉ የሚደርሰው ማስረጃ እስከሚደርስበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኅሊና አገር ነው።

ይህን ለማወቅ መጽሐፍ የግድ አይደለም። በበግ ገበያ የዋለ ሰው ገዢው ጀርባ ዳብሶ፥ ላት መዝኖ፥ ጥርስ ገልጦ እንደሚያይ ያውቃል። ለገበያ ቀን ሲሉ በግን ጨው አልሰው ውሃ በማጠጣት ሆዱን ሞልቶ እንዲታይ ማድረግ ምን እንደሚባልም ያውቃል። በጉ አልዋሸም፤ ሆዱም በእርግጥ ሞልቷል። ሆኖም ይህን የሚያደርገውን ሰው ማንም «ሐቀኛ» አይለውም።

ገዢውስ?

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሻጭ ነው፤ ስለ ሻጭ መናገር ደግሞ ቀላል ነው። አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። አንድ ምሳሌ እናስብ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ እንበል። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በግቢው ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመች ቮልሳቸው አለች፤ መምህሩ ከታመሙ ጊዜ ጀምሮ አልተነዳችም። ሊብሬዋ በሣጥን ውስጥ አለ፤ ቀለሟ የመጀመሪያው ነው። እናቲቱ ግን ቦታ ስለያዘችባቸው ለቁራሌው ሊሰጧት አስበዋል። አንድ ቀን ለሁለት ዓመት እንዲህ ያለችውን ሲፈልግ የኖረ ወጣት በበሩ ይገባል።

ወጣቱ ሸራውን ገልጦ ባየ ጊዜ ልቡ ይመታል፤ በፊቱ ግን ምንም አያሳይም። ይህን ማድረግ በገበያ የተለመደ ስለሆነ በዚህ ብቻ አንወቅሰው። ከዚያ «እማማ፥ ስንት ይሏታል?» ብሎ ይጠይቃል። እርሳቸውም «እኔ ምኑን አውቄ፥ ልጄ። አንተ ታውቃለህ፤ የሚሆነውን ስጠኝ» ይላሉ።

በእኛ ቋንቋ ይህ «አንተ ታውቃለህ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ሰው ይህን ሲል ዋጋ መጥራቱ አይደለም፤ ዳኝነቱን መስጠቱ ነው። እናቲቱ ይህን እስኪናገሩ ድረስ ወጣቱ ገዢ ነበር፤ ከተናገሩ በኋላ ግን ገዢም ዳኛም ሆነ። ዳኛ ደግሞ ለራሱ ሊፈርድ አይገባውም። በዚያች ደቂቃ ሃምሳ ሺህ ብር ቆጥሮ ቢሰጣቸው ይመርቁታል፤ «ቦታዬን ነጻ አወጣህልኝ» ይሉታል። ወጣቱ ግን መኪናዋ በአዲስ አበባ አምስትና ስድስት እጥፍ እንደምታወጣ ያውቃል እንበል። ምርቃቱን ይዞ ሲወጣ በእጁ ያለው ምንድር ነው?

ቅዱስ ቶማስ ለዚህም መልስ አለው። ሻጩ ባለማወቅ ወርቅን እንደ መዳብ ቢሸጥና ገዢው ይህን ቢያውቅ፥ ገዢው ያለ ፍትሕ ገዝቷል፤ የተረፈውንም መመለስ አለበት ይላል። ቅዱስ አውጎስጢኖስም ስለ ቅድስት ሥላሴ በጻፈው መጽሐፍ አንድ የሚያውቀውን ሰው ያነሣል። ሰውየው አንድ መጽሐፍ ለሽያጭ ቀረበለት፤ ሻጩ የመጽሐፉን ዋጋ ስላላወቀ የጠየቀው ጥቂት ገንዘብ ነበር። ገዢው ግን ሻጩ ያላሰበውን፥ እጅግ የበለጠውን ትክክለኛ ዋጋ ከፈለው። ቺቸሮም ስቄቮላ የተባለ ሮማዊ አንድ ርስት ሲገዛ ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ መቶ ሺህ ሴስተርስ እንደ ጨመረ ይተርካል። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ስቄቮላ በሕግ ዐዋቂነቱ የታወቀ ነበር። ዋጋውን በሚገባ ያወቁ ስለነበሩ ነው የጨመሩት።

«ደክሜ ያገኘሁት ዕውቀት ነው»

እዚህ ላይ ወጣቱ ሊናገር የሚገባው ነገር አለ፤ እኛም ልናደምጠው ይገባናል። «ሁለት ዓመት ዞሬያለሁ፤ ለደላላ ከፍያለሁ፤ የሞተሩን ዓይነት፥ የቁጥሩን ትርጉም፥ የመለዋወጫውን መገኛ ተምሬያለሁ። ይህ ሁሉ ዋጋ የለውምን? እኔ ባልመጣ መኪናዋ ተቆራርጣ ብረት ትሆን ነበር» ይለናል። እውነት ነው። ዕውቀት ድካም ነው፤ ድካም ደግሞ ደመወዝ ይገባዋል። የፍለጋው ወጪ፥ የማጓጓዣው፥ የጥገናው፥ ነገሩ ባይሳካ የሚደርስበት ኪሣራ፥ ይህ ሁሉ ከዋጋው ላይ ቢቀነስ ማንም አይቃወምም። ስለዚህ የአዲስ አበባውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ይክፈል አንልም።

ይሁን እንጂ ከድካም የሚገኝ ትርፍና ከሌላው ሰው አለማወቅ ብቻ የሚገኝ ትርፍ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ተገልጦ ሊነገር ይችላል፦ «እማማ፥ ይህቺ መኪና ታድሳ ይህን ያህል ታወጣለች፤ ለማደስ ይህን ያህል እጨርሳለሁ፤ ለድካሜ ይህን ልያዝ፤ የቀረው የእርስዎ ነው።» ይህን ቢነግራቸው ትርፉ አይጠፋም። ሁለተኛው ግን ከተነገረ ይጠፋል፤ በጨለማ ብቻ የሚኖር ትርፍ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቀላል መለኪያ ማቅረብ የምንወድደው፦ ውሉ ከተፈረመ በኋላ እውነቱን ለዚያው ሰው ፊት ለፊት ልትነግረው ትችላለህን? እናቲቱ በወሩ ዋጋውን ከሌላ ሰው ቢሰሙ፥ በዚያ መንገድ ስታልፍ ቆመህ ሰላም ትላቸዋለህን? ወይስ መንገድ ትለውጣለህ? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እያደር በሚጠራው ብርሃን ሊታይ የማይችል ስምምነት፥ በሕግ ቢጸናም፥ በኅሊና ፊት አልጸናም።

ሌሎች ምክንያቶችም ይቀርባሉ። «አልጠየቁኝም» ይባላል፤ ያላወቀ ሰው ግን ምን እንደሚጠይቅም አያውቅም። «ዋጋውን የጠሩት እርሳቸው ናቸው» ይባላል፤ ያላዩትን መጥራት ግን መፍቀድ አይደለም። «የተናገረው ደላላው ነው» ይባላል፤ በሌላው አፍ የተነገረ ሐሰት ትርፉ ወደ እኛ ኪስ ከገባ የእኛም ነው። «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል» ይባላል፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ነው። ሁሉም እንዲህ ካደረገ በገበያው ላይ የሚታመን ቃል አይቀርም፤ የሚታመን ቃል ከሌለ ደግሞ ሐቀኛው ሻጭ እውነተኛ መኪናውን ይዞ ቢወጣ የሚገባውን ዋጋ የሚሰጠው አያገኝም። ሐሰት የሚዘርፈው የተታለለውን ብቻ ሳይሆን ያላታለለውንም ነው።

ምን እናድርግ?

ለሻጭ የምንለው አጭር ነው፤ የሚያውቀውን ይናገር፥ የማያውቀውንም «አላውቅም» ይበል። «ቆጣሪው 34,000 ይላል፤ ዞሮ እንደሆነ ግን አላውቅም» ማለት የሚያሳፍር ቃል አይደለም። ይህንኑ በውሉ ላይ ቢያሰፍረው ደግሞ ከጠብና ከክስ ይድናል። ለገዢ የምንለው ደግሞ አይቸኩል ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ ከተጭበረበሩት ብዙዎቹ በሻጩ ብልጠት ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ጥድፊያም የወደቁ ናቸው። እንደ ልባቸው የሚነግራቸውን ሰው ፈልገው ነበር፤ አገኙት። «አንተ ታውቃለህ» የሚል ሰው ሲያጋጥመው ግን፥ ሻጭም ሆነ ገዢ፥ ለጊዜው ገንዘቡን አስቀምጦ ሦስተኛ ሰው ይጥራ። ዋጋውን የሚያውቅ መካኒክ፥ ከተማ ያለ የእናቲቱ ልጅ፥ የሰፈር ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ባለማወቅ የታመነብንን ዳኝነት ለሌላ ዐዋቂ ማካፈል ከፈተና የመውጫ መንገድ ነው።

ስለ ኪሎ ሜትር ከተነሣ ዘንድ አንዲት የታወቀች መኪና እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2013 ሬንሶ ዞካ የተባሉ የቬሮና ካህን ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራች ሬኖ 4 መኪና በስጦታ አበረከቱ። መኪናዋ 300,000 ኪሎ ሜትር የተጓዘች ነበረች፤ ካህኑ በከተማይቱ ዳርቻ በሚኖሩ ድሆች መካከል ሲያገለግሉባት የኖረች ናት። በሰብሳቢዎች ገበያ እንዲህ ያለው አኀዝ ዋጋ ይቀንሳል። ካህኑ ግን አኀዙን አልደበቁም፤ በግልጽ ተነገረ፥ በዓለም ሁሉ ተጻፈ፤ የስጦታው ክብርም በዚያው አኀዝ ውስጥ ነበር።

ብዙ ያልሄደች መኪና መፈለግ መልካም ነው፤ ማግኘትም ደስ ያሰኛል። ብዙ የሄደችም ብትሆን ግን እውነተኛው አኀዝ በተነገረ ጊዜ ገዢ የሚገዛውን ያውቃል፥ ሻጭም የሚሸጠውን ያውቃል፤ ሁለቱም በማግስቱ በዚያው መንገድ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። የጠበበ ገበያ የሚሰፋበትን ቀን እኛ አንወስንም። በዚያ ገበያ ውስጥ የሚነገረው ቃል እንዲታመን ማድረግ ግን የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው።